ከእንስሳ ጋር ኮንዶሚኒየም መግባት፦ ሳይገዙ መጠየቅ፣ ከገቡ በኋላ መስማማት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ከመካከላችን በውሻ ምክንያት ከጎረቤት ጋር ቡና መጠራራት ያቆሙ አሉ። ያሳደጉትን ውሻ በድሮ ሰፈራቸው ትተው መጥተው፣ ዛሬም ስሙ ሲነሳ ዕንባ የሚቀድማቸው እናቶች አሉ። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገርበት ብለናል።

በድሮው ሰፈራችን አጥርና ግቢ ነበረን። ውሻው በር ላይ ይተኛል፣ ዶሮዎቹ ጓሮ ይጭራሉ፣ የበዓሉ በግ ጥግ ላይ ይታሰራል። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ግን ግቢው የሁሉም ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ መጮህ ጠባዩ ነው። ነገር ግን በደረጃው በሚወጣውና በሚወርደው ሰው ሁሉ ላይ ሲጮህ ከዋለ፣ የሌሊት ተረኛ ሆና ያደረችው ጎረቤት መቼ ትተኛ? በሌላ በኩል ደግሞ ብቻዋን ለምትኖር እናት ያ ውሻ ጠባቂዋም ጓደኛዋም ነው። ሁለቱም እህቶቻችን ናቸው፤ አንዷን አስከፍተን ሌላዋን ማስደሰት አንፈልግም።

የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ለይቶ ያስቀምጣል። ቤታችን የግላችን ነው፤ ደረጃውና ግቢው ግን የጋራ ነው። የቤት ባለቤቶች ማኅበርም የሚተዳደርበት ደንብ አለው። ስለ እንስሳ የሚደረገው ስምምነት ቦታው እዚያ ነው እንጂ በኮሪደር ላይ ጭቅጭቅ አይደለም።

በዕጣ ቤት የደረሳት እህት ብሎኩንም ፎቁንም አልመረጠችም። ከሰው የምትገዛ ግን መምረጥ ትችላለች። ስለዚህ ስለ ካርታው፣ ስለ ባንክ ዕዳውና ስለ ውሃው ስትጠይቁ ይህንንም ጨምሩ፦

• ደንቡ ስለ እንስሳ ምን ይላል? ጽሑፉን ራሳችሁ እዩት፤ የደላላ ቃል አይበቃም።
• በብሎኩ ውሻ ያለው ሰው አለ? ጎረቤቶቹስ ምን ይላሉ?
• ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍት በሌለበት ሕንፃ ከአራተኛ ፎቅ ውሻ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማውረድ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ፈተና ነው።
• ስፋቱስ? ስቱዲዮ ለድመት ይበቃ ይሆናል፤ ለትልቅ ውሻ ግን እስር ቤት ነው።

ከገባን በኋላስ? ውሻ ከቤት ሲወጣ በማሰሪያ ይያዝ። ኩሱን ባለቤቱ በፌስታል ያንሳ። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ታስሮ አይዋል፤ የሚጮኸው አንድም ስለሚሰለቸው ነው። ለጸሎት ንጽሕናቸው ሲሉ ውሻ እንዲነካቸው የማይፈልጉ ጎረቤቶች አሉ፤ በደረጃ ላይ ስንገናኝ ቆም ብለን እናሳልፋቸው። የበዓል በግም በየደረጃው አይታሰር። የጋራ መገልገያ ቤቶቹ ሲሠሩ አንዱ ዓላማቸው እርድ ነበር፤ ባሉበት ሁሉ እንጠቀምባቸው።

ከሁሉም በላይ ክትባት! የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ መከላከል ግን ይቻላል። ውሻም ድመትም በየዓመቱ ይከተቡ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። በባህል መድኃኒት ተማምኖ መቆየት ሕይወት ያስከፍላል። ብዙ ጊዜ የሚነከሱትም ልጆቻችን ናቸው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በየብሎካችን ስብሰባ ይህን አጀንዳ እናስይዝ፤ እንስሳ ያላቸውም ይገኙ፣ የተስማማንበትም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። በሌለችበት የተወሰነባት ጎረቤት ደንቡን እንደ ቅጣት እንጂ እንደ ራሷ ቃል አታየውም። ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪም ወደ መንደራችን እንጥራና ወጪውን እንካፈል። ደጋፊዎቻችን ደግሞ ለክትባት አቅም ያጠራቸውን እናቶች ብታግዙልን፣ የምትጠብቁት አንድ ውሻ ብቻ ሳይሆን በዚያ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ልጆችን ሁሉ ነው።