ማሞቂያው ሲቋረጥ ትራንዚስተሩ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ



«ማሞቂያ እንደ ሞተር ወይም እንደ ሪሌ አይደለም፤ ሬዚስተር ብቻ ስለሆነ መከላከያ አያሻውም» የሚል አስተሳሰብ በየወርክሾፑ ሰፍኗል። ዛሬ የቆምኩት ይህን ለመሞገት ነው። አደጋው የሚመጣው ከማሞቂያው ይልቅ ወደ እሱ ከሚሄደው ሽቦ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጆሴፍ ሄንሪ ረጅም ሽቦ ከባትሪ ሲላቀቅ ብልጭታ እንደሚሰጥ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1832 ነበር።

የጫጩት መፈልፈያ እንውሰድ። ማሞቂያው በ24 ቮልት 10 አምፔር ይስባል፤ ከቦርዱ 2 ሜትር ይርቃል። በጣት ስፋት ተራርቀው የተዘረጉት ሁለቱ ሽቦዎች 2 ማይክሮሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ አላቸው። ማሞቂያውን የሚያበራውና የሚያጠፋው ትራንዚስተር፣ ማለትም ሞስፌቱ፣ ያንን 10 አምፔር በ50 ናኖሰከንድ ካቋረጠ ስሌቱ 400 ቮልት ይሰጣል። 55 ቮልት የሚችል ሞስፌት ግን እዚያ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ውስጡ ይሰበርና በሽቦው ዙሪያ የተከማቸው ኃይል ሲሊከኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። ይህን የሚችሉ ሞስፌቶች አሉ፤ መጠኑም በአምራቹ ሰነድ ላይ ይጻፋል። የማይችሉም አሉ፤ ኃይሉ ደግሞ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ብዙዎች መከላከያ ዳዮዱን ማሞቂያው ጫፍ ላይ ይበይዱታል። እዚያ ሲሆን የ2 ሜትሩ ሽቦ ከጥበቃው ውጭ ይቀራል። ቦታው ቦርዱ ላይ፣ ከሞስፌቱ ድሬይን ወደ ፖዘቲቩ መስመር ነው፤ ከጎኑም በፖዘቲቭና በግራውንድ መካከል ካፓሲተር ያስፈልገዋል፤ ያለበለዚያ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣው ሽቦ ያንኑ ጉዳት ያደርሳል። ለተጨማሪ ዋስትና በድሬይንና በሶርስ መካከል በ28 ቮልት የሚሠራ ቲቪኤስ ዳዮድ ቢገባ ንረቱን 45 ቮልት አካባቢ ይገታዋል። ሁለቱን ሽቦዎች አብሮ መግመድም ኢንዳክታንሱን ይቀንሳል፤ ወጪ የለውም።

ከሁሉ የማስቀድመው ግን በዝግታ ማቋረጥን ነው። የማሞቂያ ሙቀት በሰከንዶችና በደቂቃዎች የሚለዋወጥ ስለሆነ ፍጥነት አይጠቅመውም። በጌቱ ላይ የሚገባው ሬዚስተር ከፍ ተደርጎ ማቋረጫው ወደ 5 ማይክሮሰከንድ ቢረዝም ያው 400 ቮልት ወደ 4 ቮልት ይወርዳል። ዋጋው በአንድ ማብራት ወይም ማጥፋት 0.2 ሚሊጁል ያህል ሙቀት ነው፤ በሰከንድ 10 ጊዜ ሲበራና ሲጠፋ 4 ሚሊዋት። ከሞተር መቆጣጠሪያ በተቀዳ 20 ኪሎኸርዝ ግን ያው ሞስፌት 8 ዋት ያባክናል። ስለዚህ ለማሞቂያ 20 ኪሎኸርዝ መምረጥን እቃወማለሁ።

ይህን ሁሉ የማሳስበው ሞስፌት ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ሾርት ሆኖ ስለሚቀር ነው። ማሞቂያው አይጠፋም፤ በ37.5 ዲግሪ መቆየት ያለበት እንቁላል ይቀቀላል፤ የገበሬው የ21 ቀን ጥበቃም ባዶ ይሆናል። ስለዚህ መከላከያው ሁሉ ቢሟላም፣ ሞስፌቱን ሳይጠይቅ መስመሩን የሚቆርጥ የሙቀት ፊውዝ ከማሞቂያው ጋር በተከታታይ ይግባ።