እግሩ ወለሉን ሳይነካ አትሂዱ

ክቡራን እንግዶች፣ ወላጆች፣ የስካውት መሪዎች፤ ማዕረጋችሁን በየተራ ብጠራ ይመሻል፤ ልጆቹ ደግሞ ሳይጨልም እንጦጦ ወጥተው ድንኳን መትከል አለባቸው። ይቅርታችሁን ለምኜ በቀጥታ ወደ እነሱ ልሂድ።

ዛሬ ቃል ኪዳን ገብታችሁ ስካርፍ ያሰራችሁ ልጆቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። የተጋበዝኩት ስለ መርከብ እንዳወራችሁ ነው። ዛሬ ማታ የምታድሩበት ጋራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ባሕር ያጣ ባሕረኛ ወሬውን ይዞ ተራራ ቢወጣ አትፍረዱበት።

እኔ የተሳፈርኩባት መርከብ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከባሕር ላይ ለሚነሱ አውሮፕላኖች መርጃ የሠሯት ስትሆን፣ ፊሊፒንስ አካባቢ ተዋግታለች። በ1954 ዓ.ም. ለእኛ ተሰጠችና ምፅዋ ገባች፤ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብም፣ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛም ሆነች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ሾላ ገበያ ዙሪያ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰውዬ አሮጌ ምጣድ እንደሚወስደው ወሰዷት።

ሌላው ዓለም አሮጌ መርከቡን ምን ያደርጋል? ለንደን ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆመችው «ቤልፋስት» ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙዚየም ናት፤ ልጆች በቡድን እየሄዱ ያድሩባታል። አሜሪካ ፎል ሪቨር በምትባል ከተማ ያለችውን «ማሳቹሴትስ» የተባለች የጦር መርከብ ከቁራሌው ካዳኑት ሰዎች መካከል ሳንቲም ያዋጡ ተማሪዎች አሉ፤ ዛሬ ስካውቶች በመርከበኞቹ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ነገሩ የስካውት ወግ ነው። የስካውት መሥራቹ ቤደን ፓወል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1909 እንግሊዝ አገር ልጆች ሰብስቦ ግማሾቹን «መርኩሪ» የምትባል መርከብ ላይ፣ ግማሾቹን ወንዙ ዳር ድንኳን ውስጥ አሳድሮ፣ ኋላ አቀያይሯቸዋል። እናንተ ዛሬ የድንኳኑ ግማሽ ናችሁ።

እና መርከብ ላይ ማደር ምን ያስተምራል? ብዙ ሰው አልጋው፣ መድፉ፣ ቆቡ ይመስለዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የማምነው፤ ጥበቃ። ሌላው ተኝቶ አንዱ የሚነቃበት ሰዓት።

ምልምል ሆኜ የመጀመሪያው ተራዬ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ነበር። የምፅዋን ሙቀት ለየካ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል፤ ሌሊትም ቢሆን የመርከቧ ብረት የቀኑን ፀሐይ አይለቅም፣ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል። አብሮኝ የቆመው አንድ ምፅዋ ያረጀ ባለሌላ ማዕረግ ነበር። ወሬ አይወድም። መርከቧ ወደብ ላይ ታስራ ነው የቆመችው፤ እኔም «የታሰረ ነገር ምን ይጠበቃል?» እያልኩ በልቤ አጉረመርማለሁ። ሰውዬው እጄን ይዞ ክንዴን በሚያክለው ገመድ ላይ አስቀመጠው። «እንዳታነሳ» አለኝ። ቆየሁ። ቀስ በቀስ ገመዱ ከእጄ ሥር እየጠነከረ መጣ፤ ክሮቹ እየተፋተጉ እንደ አሮጌ በር ድምፅ አሰሙ። ዓይኔ ያየው ነገር የለም። ባሕሩ ግን እየሞላ፣ መርከቧን ወደ ላይ እያነሳ ነበር። ገመዱን በጊዜው የሚያላላ ከሌለ ወይ ይበጠሳል፣ ወይ የታሰረበትን ይነቅላል። ከታች የተኙት ሰዎች ይህን አያውቁም፤ እንዲያውቁም አይጠበቅባቸውም።

10 ሰዓት ሲሆን ተተኪውን ልቀሰቅስ ወረድኩ። ትከሻውን ነቅነቅ አደረግሁት፣ «እሺ» አለ፣ ዞሬ ልወጣ ስል ሽማግሌው ደረጃው ላይ ቆሞ አየሁት። «እሺ ያለ ሰው አልነቃም» አለኝ። «እግሩ ወለሉን ሲነካ ሳታይ አትሂድ።»

ዛሬ ማታ እንጦጦ ላይ የምፈልግባችሁ ይኸው ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጅቡም አለ፣ ወላጆች አትደንግጡ፣ እሱም የራሱ ሥራ አለው። እሳቱን የሚያይ፣ የድንኳኑን ገመድ በእጁ የሚፈትሽ ልጅ ይኑር። ባሕር ዛፍ ሥር እሳት ክፉ ነው፤ ቅጠሉ ዘይት አለው፣ ደረቁ ለኮፍ ካደረጉት አይመለስም። ስልክ እያዩ ጥበቃ የለም። ስክሪን ያየ ዓይን ጨለማውን መልሶ እስኪለምድ ድረስ ለብዙ ደቂቃዎች ዕውር ነው። እናቶችም፣ ቅድም የልጃችሁን ሻንጣ ተሸክማችሁ ስትገቡ አይቻለሁ። መልሱለት።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለኝ፤ የሚያውቁኝ «መጣ ደግሞ» ይሉኛል። ከእናንተ ውስጥ መዋኘት የሚችል እጁን ያውጣ። አያችሁ! ይኼን ሁሉ ልጅ አሰልፈን እጁን ያወጣው በጣት የሚቆጠር ነው። ቋጠሮ ታውቃላችሁ፣ ካርታ ታነባላችሁ፣ ክረምት ላይ ከእንጦጦ ወርዶ የሚሞላው ቀበና ውስጥ ጓደኛችሁ ቢገባ ግን ቆማችሁ ትጮኻላችሁ። ባሕር የለንም ማለት ሰበብ አይሆንም። ጣናና ላንጋኖ ውኃ ናቸው። ባሕር ኃይሉም ያለ ባሕር እንደገና ተቋቁሟል፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ባቦጋያ የሠለጠኑ ልጆቻችን ዛሬ በሰው አገር የንግድ መርከብ ላይ ይሠራሉ። ወላጆች ለልደት ኬክ የምታወጡትን ለዋና ክፈሉ። መሪዎችም በሚቀጥለው ዓመት ዋና ያላለፈ ልጅ ስካርፍ እንዳታስሩለት፤ ብትጠሩኝ መጥቼ እጣላችኋለሁ።

በቃኝ፤ መኪናው እየጠበቃችሁ ነው። መሪያችሁ የሌሊቱን ተራ ሲደለድል ከ6 እስከ 10 ያለውን ለማን ልስጥ ብሎ አማክሮኝ ነበር። በሰልፉ ላይ ከኋላ ሆነው ሲሳሳቁ ለነበሩት ለእነዚያ አራቱ ስጥ ብዬዋለሁ። ሻይ በፔርሙዝ ይደርሳችኋል። ልትረግሙኝ ካሰባችሁም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ የተኛ ሰው አለ።