ስለ እንቅርት፣ ስለ ጨውና ስለ ቪታሚን ኪኒን

(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለን የምንተርተው ያለ ነገር አይደለም። እንቅርት ለደጋው ሰው የቆየ በሽታ ነው። ባሕሩ ከእኛ ሩቅ ነው፤ የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እህሉም ጎመኑም አዮዲን ያንሰዋል።

በአንገታችን ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኗን የምትሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲጎድላት ስትታገል ታብጣለች፤ እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የፊት ማበጥ፣ የወር አበባ መዛባት ይመጣል። የከፋው ግን በማሕፀን ባለው ልጅ ላይ የሚደርሰው ነው። የእናቲቱ አዮዲን እጅግ ከጎደለ የልጁ አእምሮ ይጎዳል፤ ያ ጉዳት ደግሞ ኋላ በመድኃኒት አይመለስም።

መከላከያው ጨው ነው። ለአንድ ጎልማሳ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ አዮዲን የገባበት የአሰብ ጨው ተቋረጠብን፤ የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ተተካ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ደግሞ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ታዘዘ። ነገር ግን ደንቡ እማድቤት ድረስ አይገባም፤ የቀረው የእኛ ፋንታ ነው። አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ግዙ። ጨው አትጠቡ፤ አዮዲኑ ታጥቦ ይሄዳል። ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ አርቃችሁ ክደኑት። ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

አሁን ስለ ኪኒኑ ልናገር። አንዲት የማውቃት እናት ድካም ሲጫናት፣ ቤተሰቡም «ሰነፈች» ሲላት፣ ወራት ሙሉ ቪታሚን እየገዛች ዋጠች። ለውጥ አላገኘችም። ኋላ ደሟ ሲመረመር የታይሮይድ ሆርሞኗ አንሶ ተገኘ። እኅቶቼ፣ ቪታሚን ይህን ሆርሞን አይተካም! የሚተካው ሐኪም የሚያዘው ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ኪኒን ነው። እሱም ጧት በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ኪኒን፣ ካልሲየምም ቢሆን፣ ከእሱ 4 ሰዓት መራቅ አለበት፤ አለዚያ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። አዮዲንም በዝቶ ሲወሰድ ዕጢዋን ይጎዳልና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጠብታውን አትውሰዱ።

አንገቱ ያበጠ፣ ድካም የጸናበት ሰው ካለ ሳታሳፍሩ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ነፍሰ ጡር ከሆነችማ ነገ አትበሉ። አደራ!