ሌላ ሰው መስሎ ስለ መታየት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 በእንዲህ ያለ በዓል ተናጋሪው ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ተግባር መናገሩ የተለመደ ነው። እኔ ግን የምናገረው ስለ አንድ አስቂኝ ፊልም ነው። «ይህን ያህል ዓመት ተምሮ የሚነግረን ስለ ሲኒማ ነውን?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናችኋለሁ፤ ይህ ፊልም ሲያስቀኝ ቆይቶ በመጨረሻ ዝም ያሰኘኝ ነውና።

ፊልሙ «የረቢ ዣኮብ ገጠመኞች» ይባላል። በፈረንሳይኛ የተሠራ ሲሆን ለሕዝብ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኦክቶበር 18 ቀን 1973 ነው። ያዘጋጀው ዤራር ኡሪ ነው፤ ከድርሰቱ ተባባሪዎች አንዷ የገዛ ልጁ ዳንየል ቶምፕሰን ናት። ዋናውን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ሉዊ ደ ፉኔስ፤ በ1914 ተወልዶ በ1983 የሞተ ስመ ጥር ተዋናይ ነው። ቁመቱ አጭር፤ ፊቱ ለአንዲት ደቂቃ የማያርፍ፤ በተቆጣ ቁጥር ይበልጥ የሚያስቅ ሰው ነው። የፈረንሳይኛ መምህራችን ባለፈው ዓመት በአዳራሹ ሲያሳዩን፤ ቋንቋው ገና ያልገባቸው ልጆች እንኳ ፊቱን ብቻ እያዩ ይንከተከቱ ነበር።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቪክቶር ፒቬር የሚባል አንድ ሀብታም የፋብሪካ ባለቤት አለ። ከራሱ ወገን በቀር ሌላውን ሁሉ ይንቃል፤ የውጭ አገሩን ሰው፤ ጥቁሩን፤ ዐረቡን፤ አይሁዳዊውን ሁሉ። ይሁን እንጂ ራሱን እንደ ክፉ ሰው አይቆጥርም። ልጁን ሊድር በመኪና ሲጓዝ፤ ሾፌሩ ሰሎሞን አይሁዳዊ መሆኑን በመንገድ ላይ ይሰማና ክው ይላል። ያገለገለውን ሰው በዚያች ሰዓት እንደ እንግዳ ያየዋል። ጥቂት ቆይቶ መኪናው ከነጭነቱ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ዕለቱ ዓርብ፤ ሰዓቱም ፀሐይ የምትጠልቅበት ነውና ሰሎሞን ሰንበት ስለ ገባ እንደማይሠራ ይነግረዋል። ፒቬርም እዚያው ከሥራ ያሰናብተዋል።

ከዚያ በኋላ ብቻውን ርዳታ ሲፈልግ በሌሊት አንድ የማስቲካ ፋብሪካ ይደርሳል። በዚያም ጠላቶቹ ሊገድሉት ከያዙት ስሊማን ከሚባል የዐረብ አብዮተኛ ጋር ይገናኛል። በአንድ ወገን ገዳዮቹ፤ በሌላ ወገን ፒቬርን ነፍሰ ገዳይ ነው ብሎ የሚፈልገው ፖሊስ ያሳድዷቸዋል። ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ መውጫ ያጡና የረቢ ልብስ ለብሰው ጢም ለጥፈው ይወጣሉ። በዚያው ሰዓት አንድ ቤተ ሰብ እውነተኛውን ረቢ ዣኮብን ከኒው ዮርክ ለመቀበል ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌው ወደ ፓሪስ የሚመጡት ከ30 ዓመት በኋላ ስለሆነ መልካቸውን አጥርቶ የሚያስታውስ የለም። ዘመዶቹ ፒቬርን አቅፈው ስመው ሩ ዴ ሮዚየ ወደሚባለው ወደ አይሁድ ሰፈር ይወስዱታል።

እንግዲህ ትልቁ ሳቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አይሁድን የሚንቀው ሰው እንደ አይሁድ ሊቅ ይከበራል፤ ይጋበዛል። ሰፈሩ በጭፈራ ሲቀበለው፤ ወደ ኋላ ማለት የማይቻል ነውና እርሱም ይጨፍራል። መጀመሪያ የሚጨፍረው እንዳይታወቅበት ፈርቶ ነው። እየቆየ ግን ፍርሃቱን የረሳ ይመስላል፤ እግሮቹ ከእርሱ ቀድመው ደስ ይላቸዋል። እኔ እንደማስበው ፊልሙ ሁሉ ያለው በዚያች ጭፈራ ውስጥ ነው። በስብከት ያልተለወጠ ሰው፤ በናቃቸው ሰዎች ቤት እንጀራቸውን ሲበላ መለወጥ ይጀምራል።

በመካከሉም ሰሎሞን ይመጣል፤ በረቢው ልብስ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ይለየዋል። አንድ ቃል ቢናገር የቀድሞ ጌታው ይጠፋል። ሰሎሞን ግን አልተናገረም፤ ይልቁንም ከገዳዮቹ እንዲያመልጥ ረዳው። በመጨረሻም አይሁዳዊው ሰሎሞንና ዐረቡ ስሊማን ይጨባበጣሉ።

ይህ ሳቅ በሰላም ጊዜ የመጣ አልነበረም። ፊልሙ ሲወጣ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች መካከል ኦክቶበር 6 ቀን የተጀመረው ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። በዚያው በወጣበት ዕለት አንዲት ሴት ፊልሙ እንዲከለከል ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር በመጠየቅ አውሮፕላን ጠልፋ በፖሊስ ጥይት ሞታለች። አዘጋጁ ኡሪም ራሱ የአይሁድ ወገን ስለ ነበረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፈረንሳይ ወደ ስዊስ የሸሸ ሰው ነው። ማንነትን መደበቅ ምን ማለት እንደሆነ በሕይወቱ ያውቀዋል፤ ሆኖም ከዚህ ሁሉ ሳቅ አወጣበት። በፈረንሳይ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በሲኒማ ቤት አይቶለታል። ፊልሙ ጦርነትን አላስቆመም፤ ፊልም ጦርነት ያስቆማል የሚልም የለም። ነገር ግን አንድን ሰው በተቀመጠበት ሊያሳፍረው ይችላል። እኔን አሳፍሮኛልና።

ክቡራን ሆይ፤ አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

በ9ኛ ክፍል ወደ አዳሪ ቤት ስገባ የአባት ሥራ በሚጻፍበት ቅጽ ላይ «ነጋዴ» ብዬ ጻፍሁ። አባቴ ግን ነጋዴ አይደሉም፤ ሸማኔ ናቸው። ይዤው የመጣሁትን ጋቢ በገዛ እጃቸው ነው የሠሩልኝ። ልጆቹ እየዳሰሱ «ከየት ተገዛ?» ሲሉኝ «አባቴ ከአዲስ አበባ አስመጡልኝ» አልሁ።

በዚያው መኝታ ቤት እናቱ ሸክላ ሠሪ የሆኑ አንድ ልጅ ነበረ። አንዳንዶቻችን «ቡዳ» እያልን እናማው ነበር፤ በማእድ ጊዜም ሲያልፍ ሳህናችንን እንሸፍን ነበር። ከሁሉ ቀድሞ ሳህኑን በእጁ የሚሸፍን እኔ ነበርሁ። ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው እኔ ነበርሁና። ያ ልጅ ግን ያውቀኝ ኖሯል። እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ የሚደረድሩት አባቴ ሸማ ከሚሰቅሉበት ሥፍራ አጠገብ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የጋቢዬን ጫፍ ዳሰስ አድርጎ ዓይኔን አየኝና «ያምራል» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረም።

በፊልሙ ላይ ሰሎሞን ጌታውን ሲለየው አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን በጨለማው ውስጥ ዞሬ ያንን ልጅ ፈለግሁት። እንደ ሌላው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይስቃል። በዚያች ሌሊት አልጋው አጠገብ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም «እኔስ አዝንልህ የነበረው ሳህንህን ስትሸፍን እጅህ ወጥ ስለሚነካ ነው» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ቀጥሎም እኔ አለቀስሁ።

ውድ ጓደኞቼ፤ ሌላ ሰው መስሎ መታየት ሁለት መንገድ እንዳለው የተማርሁት በዚያች ሌሊት ነው። ፒቬር የሌላውን ልብስ ለብሶ ወደ ናቃቸው ሰዎች ቀረበ። እኔ ግን የአባቴን ሸማ ለብሼ ከአባቴ ራቅሁ። እርሱ በሐሰተኛ ጢም እውነትን አገኘ፤ እኔ በእውነተኛ ጋቢ ዋሸሁ። ጭንብል የሚሸጠው ንቀት ባለበት ገበያ ብቻ ነው፤ ንቀትን ካስወገድን ገዢ አይኖረውም። ስለዚህ ከእኛ በኋላ ለምትመጡ ታናናሾቻችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ልጅ በቅጽ ላይ የአባቱን ወይም የእናቱን ሥራ ለመጻፍ እንዳይፈራ ሳህናችሁን ክፍት አድርጉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፤ ባለፈው ሳምንት የመመረቂያውን ቅጽ ስንሞላ ያው ጥያቄ መጣ። በዚህ ጊዜ «ሸማኔ» ብዬ ጻፍሁ። ሸማኔው ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከወላጆች መካከል፤ በስተኋላ በኩል ተቀምጠዋል። ይህንንም ነገር ዛሬ ከእኔ አፍ ገና አሁን መስማታቸው ነው። አባቴ ሆይ፤ ይቅር ይበሉኝ።