የትከሻ ጅማት ጉዳትና የምርመራ መሣሪያ ምርጫ



የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ገለጉ የምትገኘው በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ሰሊጥና ጥጥ በሚመረትበት ሞቃት ምድር ነው። ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ ወደ ገበያ የሚወጣው በአመዛኙ በሰው ጉልበት ነው። መቶ ኪሎ የሚመዝን ኩንታል ወደ መኪና የሚያወጣ ሠራተኛ ድንገት ክንዱ አልነሣ ቢለው፣ ከዕለቱ ደመወዝ አልፎ የወቅቱን ገቢ በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱ በምን መሣሪያ ይታይ የሚለው ጥያቄ ሐኪሙንም መሐንዲሱንም ይመለከታል።

የክንድን አጥንት ራስ በትከሻው ጉድጓድ ላይ አጽንተው የሚይዙ አራት ጅማቶች አሉ። ከእነዚህ መካከል ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በላይ በኩል የሚያልፈው ነው። ይህ ጅማት በከባድ ሸክም ወይም በመውደቅ በድንገት ሊቀደድ፣ በዕድሜ ብዛትም ቀስ በቀስ ሊሳሳ ይችላል።

ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ባገኘው ጨረር የሚሠራው ራጅ ስብራትንና ውልቃትን በግልጽ ያሳያል። ጅማት ግን በጨረሩ ፊት ከጎረቤት ሥጋ ብዙም ስለማይለይ በምስሉ ላይ አይታይም። በመሆኑም የራጁ ውጤት ደኅና መሆን ለጅማቱ ደኅንነት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

ኤም አር አይ በኀይለኛ መግነጢስና በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት ጅማቱን፣ ጡንቻውንና የመገጣጠሚያውን ጥልቅ ክፍል በአንድነት ያሳያል። ሆኖም አብዛኞቹ መሣሪያዎች መግነጢሳቸው በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንዲቀዘቅዝ፣ ክፍላቸውም ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ እንዲከለል ያስፈልጋል። የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ኀይልና የሠለጠነ ጠጋኝም ይሻሉ።

አልትራሳውንድ ግን በድምፅ ሞገድ ይሠራል። ድምፅ በሥጋ ውስጥ በሴኮንድ 1540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የ10 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ጅማት ይበቃል። በባትሪ የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ ዓይነቶች አሉ፤ መርማሪውም ክንዱን እያንቀሳቀሰ ለማየትና ከጤነኛው ትከሻ ጋር ለማነጻጸር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው፣ ውፍረቱን ዘልቆ የተቀደደ ጅማት ካላቸው መቶ ሰዎች ኤም አር አይ 94ቱን፣ አልትራሳውንድ 92ቱን ይለያሉ። በከፊል ለተቀደደው ግን ቁጥሩ 74 እና 52 ነው። እንግዲህ ሁለቱ መሣሪያዎች በጉልህ የሚራራቁት በከፊሉ ቅደት ላይ ነው። በአደጋ ዘልቆ የተቀደደ ጅማት ደግሞ ሲቆይ ጡንቻው እየተሸበሸበ ወደ ስብ ስለሚለወጥ ለመስፋት ያስቸግራል፤ ለወጣቱ ሠራተኛ በጊዜ መታወቁ ከሁሉ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ አልትራሳውንድ በያዘው እጅ ልክ ነው። ሞገዱ ጅማቱን ቀጥ ብሎ ካልመታው፣ ጤነኛው ጅማት ጠቁሮ የተቀደደ ይመስላል። ትክክለኛ ምስልም ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት ትከሻቸውን የማያማቸው 96 ሰዎች በኤም አር አይ ታይተው፣ 34 በመቶዎቹ የተቀደደ ጅማት ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ ከምስሉ በፊት የበሽተኛው ቃልና የሐኪሙ እጅ ሊቀድሙ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ለገለጉና ለመሰሎቿ ከእጅ ምርመራ ቀጥሎ አደጋ የደረሰበትን በራጅ፣ ጅማቱን በአልትራሳውንድ መመርመር፤ አጠራጣሪውንና ለቀዶ ሕክምና የታሰበውን ብቻ ለኤም አር አይ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ ይበጃል። ይህ ሥርዓት የሚጸናው ግን ለመሣሪያው ከሚመደበው ገንዘብ ጎን ለመርማሪው ሥልጠና፣ ለኀይል ማስተካከያ፣ ከሙቀትና ከአቧራ ለመጠበቂያ፣ ለመለዋወጫም አብሮ ሲመደብ ነው። የመሐንዲሱ ድርሻ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።