የነዳጅ ግፊት ጌጅ ምን ያነባል? የአሮጌ ኢንጀክሽን መኪኖች ምርመራ በአዲስ አበባ ከፍታ



ስለ ግፊት ማስተማር ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም፣ የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ ጋራዥ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራች ኮሮላ አለችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዳገት ላይ ኃይል ያንሳት ጀመር። መካኒኩ ጌጁን በነዳጅ መስመሩ ላይ አስሮ ሞተሩን በሚኒሞ ሲያሠራው 240 ኪሎፓስካል ገደማ አነበበ። ግድግዳው ላይ የለጠፈው ሠንጠረዥ ደግሞ 220 ይላል። «ግፊቱ በዝቷል፤ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል» ብሎ ፈረደ። እኔም፣ የግፊት መምህሩ፣ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ከፈልሁ። አዲስ ሬጉሌተር ተገጠመ፤ ጌጁም ያንኑ 240 አነበበ። መኪናዋም እንጦጦ ዳገት ላይ እንደ ቀድሞው ደከመች።

ስሕተታችን ከመሣሪያው አልነበረም። እንዲህ ያለው ጌጅ የሚነግረን በነዳጁ ግፊትና ጌጁን በከበበው አየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ሬጉሌተሩም የሚጠብቀው ልዩነትን ነው፤ ነገር ግን መነሻው ሌላ ነው። በቀጭን የጎማ ቱቦ ከማኒፎልዱ ጋር ስለሚገናኝ፣ የነዳጁ ግፊት ከማኒፎልዱ ግፊት ምን ጊዜም በተወሰነ መጠን እንዲበልጥ ያደርጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያዝዘው ኢንጀክተሩ ለስንት ሚሊሰከንድ እንደሚከፈት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚረጨው ነዳጅ መጠን እንዳይዋዥቅ በኢንጀክተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት መጽናት አለበት።

እስቲ እናስላው። ሬጉሌተሩ የሚጠብቀው ልዩነት 285 ኪሎፓስካል ይሁን። በሚኒሞ የማኒፎልዱ ፍጹም ግፊት 35 ገደማ ነው እንበል። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ስለሆነ ማኒፎልዱ ከውጭው አየር በ66 ያንሳል፤ ጌጁም 219 ያነባል። አሁን ያንኑ መኪና ወደ አዲስ አበባ፣ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አምጡት። እዚህ የአየሩ ግፊት ወደ 77 ይወርዳል። ሞተሩ በሚኒሞ ለመዞር የሚፈልገው አየር ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ ስለዚህ ማኒፎልዱ እዚያው 35 አካባቢ ይቆያል። ልዩነቱ 42 ብቻ ይሆናል፤ ጌጁም 243 ያነባል። የ24 ኪሎፓስካሉ «ብልሽት» የከተማችን ከፍታ ነበር። ያ ሠንጠረዥ የተዘጋጀው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው ማለት ነው።

መውጫው ቀላል ነው። የሬጉሌተሩን የቫኪዩም ቱቦ ነቅላችሁ፣ በማኒፎልዱ በኩል ያለውን ጫፍ ድፈኑት። ያን ጊዜ ሬጉሌተሩም ጌጁም አንድ ዓይነት አየር መነሻ ያደርጋሉ፤ ምፅዋም ሆነ እንጦጦ ጌጁ 285 ያነባል። የዚያ ዘመን ብዙ የቶዮታ መመሪያዎች በዚህ ሁኔታ ከ265 እስከ 304 ኪሎፓስካል ይጠይቃሉ። ከተነቀለው ቱቦ ውስጥ ቤንዚን ከወጣ ግን የሬጉሌተሩ ዲያፍራም ተቀድዷል፤ ያኔ ስሌትም አያስፈልግም።

ታዲያ የመኪናዬ ሕመም ምን ነበር? በሚኒሞ ሞተሩ የሚጠጣው ነዳጅ ጥቂት ነው፤ ፓምፑ የሚገፋው አብዛኛው በመመለሻው መስመር ወደ ታንኩ ይመለሳል። ስለዚህ ፊልትሮ ግማሽ ቢደፈንም ግፊቱ አይጎድልም። ጉድለቱን የሚያሳየው ጭነት ነው። ጌጁን የፊት መስታወቱ ላይ በፕላስተር አጣብቀን፣ የመስመሩን መጋጠሚያዎች ቤንዚን እንዳያንጠባጥቡ ደጋግመን ፈትሸን (ይህን የማይፈትሽ ሰው መኪናውን ያቃጥላል)፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ወጣን። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የማኒፎልዱ ግፊት ወደ ውጭው አየር ስለሚጠጋ ንባቡ ወደ 285 ሊወጣ ይገባ ነበር። እርሱ ግን ወደ 200 ወረደ። ፍሰት ከግፊት ልዩነቱ ካሬ ሥር ጋር ስለሚመጣጠን፣ ኢንጀክተሮቹ ከሚገባቸው ነዳጅ 16 በመቶ ያህሉን አጥተዋል። ፊልትሮው ተለወጠ፤ በማግሥቱ በዚያው ዳገት ጌጁ 280ን አለፈ።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረውን ግፊት በተመለከተ ባጭሩ ልናገር። እነዚያው መመሪያዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 147 እንዲቀር ይጠብቃሉ። ቶሎ ከወረደ የፓምፑን መላሽ ቫልቭ፣ የሚያፈስ ኢንጀክተርን ወይም ሬጉሌተሩን ጠርጥሩ። ጠዋት ለመነሣት የምታስቸግር መኪና ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ይዟታል።

የተወገደውን ሬጉሌተር ከጋራዡ አስመልሼ በቤተ ሙከራችን በእጅ ፓምፕ ፈተንሁት። በ284 ይከፈታል። ከጠረጴዛው ላይ አለ፤ ከንግግሩ በኋላ ቀርባችሁ እናንተም መፈተን ትችላላችሁ።