ማሸነፍ ግድ ባልሆነበት ቀን

በሬድዮ ከተላለፈ ትምህርት ለንባብ የተዘጋጀ

 ዛሬ የአንዲት ስፖርተኛ ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ስሟ ግሬሲያ ፖሊ ይባላል፤ ኢንዶኔዥያዊት ናት፤ ስፖርቷም ባድሜንተን ነው። በእኛ አገር ሩጫና እግር ኳስ እንጂ ይሄ ብዙም ስለማይታወቅ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሜዳው መካከል ላይ መረብ ተወጥሯል። የሚመታው ነገር እንደ ሌላው ኳስ ድቡልቡል አይደለም፤ ዙሪያውን ላባ የተሰካበት ቀላል ነገር ነው። በራኬት እየመታችሁ ወደ ተጋጣሚ ሜዳ ትልኩታላችሁ፤ እዚያ መሬት ከነካ ነጥብ አገኛችሁ። በምነግራችሁ ጨዋታዎች አንድ ዙር በ21 ነጥብ ያልቅ ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱን ዙር የወሰደ አሸናፊ ነው። ግሬሲያ ትጫወት የነበረው በሴቶች ጥንድ ነው፤ ሁለት ለሁለት ማለት ነው።

በኢንዶኔዥያ ባድሜንተን የሕዝብ ስፖርት ነው። አገሪቱ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችውም በዚሁ ስፖርት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ነው። በሴቶች ጥንድ ግን ወርቅ አግኝታ አታውቅም ነበር። ግሬሲያ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለች ይህን ታሪክ ለመለወጥ ትመኝ እንደነበር ኋላ ላይ ተናግራለች።

እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ ደረሰች። ዕድሜዋ 24 ነበር፤ አብራት የምትጫወተው መይሊያና ጃውሃሪ ነበረች። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ውድድሩ በምድብ ተከፍሏል፤ በየምድቡ አራት ጥንዶች አሉ፤ ሁለቱ ያልፋሉ። የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ ሲደርስ ግሬሲያና መይሊያናም፣ ተጋጣሚዎቻቸው ደቡብ ኮርያውያንም ማለፋቸውን አረጋግጠዋል። ቢሸነፉ እንኳ አይወድቁም። እንዲያውም ያሸነፈው ጥንድ በሚቀጥለው ዙር ብርቱዎቹን ቻይናውያን ያገኛል፤ የተሸነፈው ይተርፋል።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሁለቱም ወገኖች ለመሸነፍ መጫወት ጀመሩ! በዚያው ምሽት በሌላ ምድብ የቻይናና የደቡብ ኮርያ ጥንዶችም ይህንኑ አድርገው ነበር። ኳሷን ሆን ብለው መረቡ ላይ ይሰዷታል፤ ከመስመር ውጪ ይጥሏታል። ትኬት ቆርጦ የገባው ሕዝብ በጩኸት ተቃወመ። ዳኛው እነግሬሲያን ለማባረር ጥቁር ካርድ አወጣ፤ ኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ጨዋታው ቀጠለ። በማግስቱ ግን አራቱም ጥንዶች፣ ስምንት ተጫዋቾች፣ ከኦሎምፒኩ ተሰረዙ። የተከሰሱበት ነገር ሁለት ነው፤ ለማሸነፍ አቅማቸውን ሁሉ አልተጠቀሙም፤ ስፖርቱንም የሚያዋርድ ጠባይ አሳይተዋል።

ወገኖቼ፣ ልብ በሉ። የተከሰሱት አበረታች መድኃኒት ወስደው አይደለም። ዳኛ በገንዘብ ገዝተውም አይደለም። የሚችሉትን ስላልሰጡ ነው! ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ፣ ስፖርተኛ እንደ ሕጉ ካልተወዳደረ አክሊሉን እንደማያገኝ ይነግረዋል። እኛ ይህን ስናነብ ቶሎ የሚታየን የሚሰርቀውና የሚያጭበረብረው ሰው ነው። ያለውን ይዞ የሚደብቀው ሰው ግን አይታየንም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የውድድሩ አደረጃጀትም ችግር ነበረበት። ተሸናፊን የሚጠቅም ሥርዓት ነበር። ኋላ የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን ደንቡን አሻሽሎ ከምድብ ጨዋታ በኋላ እንደገና ዕጣ እንዲወጣ አድርጓል። ነገር ግን ሥርዓቱ ቀዳዳ ስላለው በቀዳዳው የገባው ሰው ነፃ ነው ማለት አይደለም። እኛስ? አለቃ ሲወጣ ሥራው አብሮ ይወጣል። ደመወዙ ያው ነው ብለን በግማሽ ልብ እናስተምራለን፤ በግማሽ ልብ እናክማለን። አዳራሹ ሲሞላ የሚዘምር ኳየር፣ ሰው ሲያንስ ድምፁ አብሮ ያንሳል። ባል ለእንግዳ የሚያሳየውን ትሕትና ለሚስቱ ይነፍጋታል፤ ለምን? «የት ትሄዳለች» ብሎ ነዋ! ማሸነፍ ግድ ባልሆነበት ቀን የምናደርገው ነገር ማንነታችንን ይናገራል።

ወደ ግሬሲያ እንመለስ። ዓለም ሁሉ እያየ ተባርራ ወደ አገሯ ገባች። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ኒትያ ክሪሺንዳ ማሄስዋሪ ከምትባል ሌላ ተጫዋች ጋር ተጣመረች፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢንቾን ላይ በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ አገኙ። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ሩብ ፍጻሜ ደርሰው በቻይናውያን ተሸነፉ። ከዚያ ኒትያ በጉልበቷ ጉዳት ከሜዳ ራቀች። ግሬሲያ ወደ 30 ዓመት እየተጠጋች ነው፤ ጥንድ የላትም። ራኬቷን ልትሰቅል አሰበች። አሠልጣኟ ግን ለታናናሾቿ ስትል ጥቂት እንድትቆይ ለመናት።

ቆየች። እ.ኤ.አ. በ2017 የ19 ዓመቷን አፕሪያኒ ራሃዩን ሰጧት። ከእርሷ በአሥር ዓመት የምታንስ ልጅ ናት። በጥንድ ጨዋታ ደግሞ አንዷ ወደ ፊት ስትወጣ ሌላዋ ወደ ኋላ ትሸፍናለች፤ አንዷ ስትስት ሁለቱም ነጥብ ያጣሉ። «ጥፋቱ የእርሷ ነው» ብሎ መገላገል የለም። በዚያው ዓመት የታይላንድንና የፈረንሳይን ውድድር አብረው አሸነፉ። በ2018 እና በ2019 በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኙ።

ከዚያ ቶኪዮ መጣ። በኮሮና ምክንያት በአንድ ዓመት ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የተካሄደው። አሁን ደግሞ ስሙኝ። ሁለት የምድብ ጨዋታ አሸንፈው ማለፋቸው ተረጋገጠ። የመጨረሻው የምድብ ጨዋታ ደረሰ። ተጋጣሚዎቻቸው ዩኪ ፉኩሺማና ሳያካ ሂሮታ የተባሉ ጃፓናውያን፣ በውድድሩ አንደኛ ሆነው የተመደቡ ናቸው፤ እነርሱም አልፈዋል። ያ የለንደን ቀን ዳግመኛ መጣ ማለት ነው! ቢሸነፉም ያልፋሉ። ጉልበት መቆጠብ ይቻላል።

አልቆጠቡም። የመጀመሪያውን ዙር ተናንቀው 24 ለ22 ወሰዱ። ሁለተኛውን 21 ለ13 ተሸነፉ። ሦስተኛውን 21 ለ8 አሸነፉ። ቅዱሳን፣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ፍጻሜውን ነው፤ ለእኔ ግን የግሬሲያ መመለስ የታየው በዚህ ጨዋታ ነው። ንስሐ በአፍ ይጀመራል፤ በወደቅንበት ቦታ ላይ ግን ይፈተናል። ያ ፈተና በተመለሰ ጊዜ ምን እናደርጋለን? ጥያቄው ይሄ ነው።

በሩብ ፍጻሜ ቻይናውያንን፣ በግማሽ ፍጻሜ ደቡብ ኮርያውያንን አሸነፉ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2021 በፍጻሜው ከቻይናዎቹ ቼን ቺንግቸንና ጂያ ዪፋን ጋር ገጠሙ። በጨዋታው መካከል የግሬሲያ ራኬት ክሩ ተበጠሰ። ኳሷ በአየር ላይ ናት፤ ጨዋታው አልቆመም። ግሬሲያ ወደ ዳር ሮጣ ሌላ ራኬት አንሥታ ተመለሰች። እስክትመለስ ሜዳውን ብቻዋን የያዘችው ማን ናት? ያቺ ታናሿ ልጅ! መክብብ በምዕራፍ 4 ከአንድ ሁለት እንደሚሻል ሲያስተምር፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንደሚያነሣው ይናገራል። ለታናናሾቿ ብላ የቆየችው ሴት በታናሿ ተደገፈች። ውጤቱ 21 ለ19 እና 21 ለ15 ሆነ። ኢንዶኔዥያ በሴቶች ጥንድ የመጀመሪያውን ወርቅ አገኘች፤ በቶኪዮ ያገኘችውም ወርቅ እርሱ ብቻ ነው። ክርስቲያን መሆኗን የማትደብቀው ግሬሲያ፣ የ34ኛ ዓመት ልደቷ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ አምላኳን አመሰገነች። በሚቀጥለው ዓመት ጁን ላይ ጃካርታ ውስጥ በሕዝቧ ፊት ጨዋታ አቆመች።

አሁን አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። «ታገሥ፣ የአንተም ወርቅ ይመጣል» ብዬ ልሸኛችሁ አልፈልግም። ለንደን ላይ አብራት የተሰረዘችው መይሊያና ዳግመኛ በኦሎምፒክ ሜዳ አልቆመችም። የተመለሰ ሁሉ ሜዳሊያ አያጠልቅም። ወርቅ ባይመጣስ? ያ ሦስተኛው የምድብ ጨዋታ ግን በሙሉ ልብ ሊጫወቱት የሚገባ ጨዋታ ነበር። ታማኝነት በሽልማት አይመዘንም።

ይህን በምትሰሙበት ሰዓት ከአገልግሎት ታግዳችሁ የተቀመጣችሁ ትኖራላችሁ። ቅጣቱ አልቆ እንኳ ሰው በዓይኑ የሚቀጣችሁ ትኖራላችሁ። የቀድሞው ስማችሁን መልሳችሁ ለማስከበር አትድከሙ። በአጠገባችሁ አንድ ታናሽ ፈልጉ፤ መጸለይ የሚማር ወጣት፣ ጊታር የሚለማመድ ልጅ፤ ከእርሱ ጋር ሥሩ፤ ጀርባውን ሸፍኑለት። ሽማግሌዎችና መሪዎች ሆይ፣ እናንተም ስሙ። ጥፋትን ጥፋት ማለት ተገቢ ነው፤ ስምንቱ መሰረዛቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን ያ አሠልጣኝ «ቆዪ» ባይላት ቶኪዮ የሚባል ታሪክ አይኖርም ነበር። በጉባኤያችሁ «ቆይ፣ ቆዪ» የሚባል ሰው ማን አለ? ስሙን በልባችሁ ያዙት። ከዚህ ሳምንት ሳያልፍ ደውሉለት።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።